የደበቅኳት መስመር

መጀመሪያ ልናዘዝ። እኔም ሪዞርት ሠርቻለሁ። በሲሚንቶ ሳይሆን በኮምፒውተር።

የምተዳደረው ያልተሠራን ሕንፃ የተሠራ አስመስሎ በመሳል ነው። አርክቴክቱ ፕላኑን ይልክልኛል። እኔ ግድግዳውን አቆማለሁ፣ መስታወቱን እገጥማለሁ፣ ፀሐይዋን ደስ የሚል ሰዓት ላይ እሰቅላለሁ፣ ከዚያ ሰዎች እበትንበታለሁ። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት። ስልክ የሚያወራ ሰውዬ። የሚሮጥ ልጅ። የሚሮጥ ልጅ የሌለበት ሬንደር (እንዲህ ያለውን የኮምፒውተር ስዕል የምንጠራው እንደዚያ ነው) አይቼ አላውቅም፤ ልጁ ከማን እንደሚሸሽ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ከዓመታት በፊት አንድ የባህር ዳርቻ ሪዞርት እጄ ገባ። የቦታውንም የባለቤቱንም ስም አልጠራም፤ የምናዘዘው የራሴን ነው። ቪላዎች፣ ውሃው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆሙ ጎጆዎች፣ የጀልባ ማቆሚያ ማሪና፣ ከጀርባ ጎልፍ ሜዳ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት። ስንት ዓመት ሙሉ የቢሮ ሕንፃ ሲስል የኖረ ሰው ባህር ሳል ሲባል ምን ይሰማዋል?

ለማታውቁት፣ በእኛ ሶፍትዌር ባህር ማለት አንድ ጠፍጣፋ ወለል ነው። ሰፊ አራት ማዕዘን ትዘረጋለህ፣ «ውሃ» የሚለውን ማቴሪያል ትለጥፍበታለህ፣ ሞገዱን ትንሽ ታነቃቃዋለህ፣ በቃ ባህር ሆነ። ከሥሩ ምንም የለም። ካሜራውን ከወለሉ በታች ካወረድኩት የማየው ግራጫ ባዶ ነው። አሸዋ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ዓሣ የለ። ያንን ቀለም፣ ያንን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ለማምጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲመጣልኝ ራሴን አደነቅሁ። ለስዕሉ ቅንብር እንዲያምር ብዬ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ጎጆዎች ትንሽ ወደ ባህሩ ገፋ አደረግኋቸው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሁሌም እናደርጋለን። ማንም አይለካውም።

አርክቴክቱ በላከው ፋይል ላይ ከማሪናው አፍ ወዲያ የምታልፍ የተቆራረጠች ቀይ መስመር ነበረች። ከጎኗ በትንንሽ ፊደል «የጥብቅ ባህር ክልል ወሰን» ይላል። እኔም እንደመጣች ተውኳት። የመጀመሪያውን ስዕል ሳቀርብ ደንበኛው ስክሪኑ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?»

«የጥብቅ ስፍራው ወሰን ናት። ከፕላኑ ጋር ስለመጣች ልንካት አልፈለግሁም።»

«እሷንማ አውቃታለሁ። ስዕሉ ላይ ምን ታደርጋለች? ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ መጥቶ ቀይ መስመር አይቶ ይደንግጥ? ደግሞ እኛ ከወሰኑ ውጭ ነን። አጥፋልኝ ወንድሜ። ውሃውንም እግረ መንገድህን ጠራ አድርገው።»

«እሺ፣ ችግር የለውም» አልኩ።

ችግርም አልነበረውም። መስመሯ ያለችበትን ሌየር፣ ማለትም የስዕሉን አንድ ንብርብር፣ መዝጋት አንድ ክሊክ ናት። አልሰረዝኳትም፣ ደበቅኳት። ውሃውንም ጠራ አደረግሁት። ሪዞርቱ በኋላ ሳይሠራ ቀረ። ተቃውሞ አስቁሞት እንዳይመስላችሁ፤ ይመጣል የተባለው ገንዘብ አልመጣም። እኔ ግን ተከፍሎኛል።

«ከወሰኑ ውጭ ነን» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የረሳኋት መስሎኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሥራ የዓሣ ፎቶ ስፈልግ አንድ ሌሊት ኢንተርኔት ላይ የሆነ ምስል ላይ ተተከልኩ። ስፍር ቁጥር የሌለው ዓሣ ተጠቅልሎ እንደ አውሎ ነፋስ ዓምድ ቆሟል። ከዓምዱ ሥር አንድ ጠላቂ አለ፣ ጉንዳን ያህላል። የት ነው ብዬ ሳይ ካቦ ፑልሞ ይላል። ፎቶውን ለሥራ ብዬ ነበር የፈለግሁት፤ ሲነጋ ሥራውን አልጀመርኩም፣ ስለ ካቦ ፑልሞ ሳነብ ነበር።

ካቦ ፑልሞ ሜክሲኮ ውስጥ፣ በባሃ ካሊፎርኒያ ባሕረ ገብ መሬት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ያለች ሚጢጢ መንደር ናት። ከኋላዋ በረሃ፣ ከፊቷ የኮራል ሪፍ፣ ኮራል የገነባው የባህር ውስጥ ዓለት። ሰዎቹ ከአያት ጀምሮ ከባህር የሚበሉ ናቸው፤ መጀመሪያ ዕንቁ ጠላቂ፣ ኋላ ዓሣ አስጋሪ። በ1980ዎቹ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው) ባህሩ ተራቆተ። ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው መንግሥትን ወተወቱ፤ በ1995 ሪፉና ዙሪያው፣ 7,111 ሄክታር፣ ብሔራዊ የባህር ፓርክ ተባለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሕጉ ማስገር ሙሉ በሙሉ የከለከለው በፓርኩ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ብቻ ነው። መንደርተኛው ግን በመላው ፓርክ መረቡን ሰቀለ። ማንም ሳያስገድደው።

አስቡት እስቲ። የዕለት እንጀራህ ያለበትን ባህር በራስህ እጅ ትቆልፋለህ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ተመራማሪዎች ገብተው ቆጠሩ። ያገኙት ዓሣ ከሌላው፣ ከሚሰገርበት ባህር እምብዛም የተለየ አልነበረም። እኔ ብሆን እዚያ ላይ ተስፋ እቆርጥ ነበር። አራት ዓመት ተጹሞ ምንም! እነሱ ግን ቀጠሉ። በ2009 እንደገና ሲቆጠር የዓሣው ጠቅላላ ክብደት ከ1999ኙ ላይ በ463 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሻርኮቹ ተመልሰዋል፣ ግሩፐር የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች ተመልሰዋል። መንደሩም ጠላቂ ቱሪስቶችን በማስጎብኘት መኖር ጀምሯል።

እና መቼም ማር ባለበት ዝንብ አይጠፋም። ዓሣው እያንሰራራ ሳለ፣ በ2008፣ ካቦ ኮርቴስ ለሚባል ግዙፍ ሪዞርት የአካባቢ ፈቃድ ተሰጠ። አልሚው የስፔን ኩባንያ ነው። ዕቅዱ ወደ 30,000 የሚጠጋ የእንግዳ ክፍል፣ 490 ጀልባ የሚይዝ ማሪና፣ የጎልፍ ሜዳዎች፣ ባህር ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካ። በጣት የሚቆጠር ቤት ካላት መንደር አጠገብ፣ በበረሃ ላይ፣ ከተማ ይቆምልሃል ማለት ነው። መከራከሪያው ምን ነበር? መሬቱ ከፓርኩ ወሰን በስተሰሜን ነው የሚል።

ከወሰኑ ውጭ ነን።

እዚህች ቃል ላይ ስደርስ ጆሮዬ ጋለ።

ወሰን የየብስ ሐሳብ ነው። መሬት ላይ ድንጋይ ተክለህ «ከዚህ ወዲህ የእኔ፣ ከዚያ ወዲያ የአንተ» ትላለህ፤ ድንጋዩን በሌሊት የሚገፋ ሰው ካልመጣ መሬቱ ባለበት ይቆያል። ውሃ እንዲህ አይደለም። የማሪና አፍ ሲቆፈር የሚነሳው ደለል በጅረት ይጓዛል። ጎልፍ ሜዳው ላይ የተረጨው ማዳበሪያ ዝናብ ሲመጣ ወደ ባህር ይወርዳል፤ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አልጌ ያደልበዋል፣ አልጌው ኮራሉን ይሸፍነዋል። የውሃ ማጣሪያው የሚመልሰው በጣም ጨዋማ ውሃ ከባዱ ስለሆነ ወደ ታች ይሰጥማል። መብራት እንኳ ወሰን አያውቅም። የባህር ኤሊ ጫጩት ከአሸዋ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው፤ ወጥቶም በጣም ወደሚያበራው አድማስ ይሮጣል። ሰው በሌለበት ዳርቻ የሚያበራው ባህሩ ነው። ሪዞርት ባለበት ግን የሚያበራው መዋኛ ገንዳው፣ ባሩ፣ የመኪና ማቆሚያው ነው። ጫጩቱ ጀርባውን ለባህሩ ሰጥቶ ወደዚያ ይጓዛል። ሲነጋ በወፍ ተለቅሞ ወይም በፀሐይ ደርቆ ይገኛል።

የደለሉን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ እኔም የገባኝ ዘግይቶ ስለሆነ። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። የድንጋዩ ፊት ላይ እልፍ ትንንሽ አፎች አሉ። ገላቸው ውስጥ አልጌ ተከራይቶ ይኖራል፤ ኪራዩን የሚከፍለው ከፀሐይ ብርሃን በሠራው ምግብ ነው። ደለል ሲመጣ ብርሃኑ ይጋረዳል፣ ኪራዩ ይቋረጣል። በዚያ ላይ ኮራሉ አቧራውን ከፊቱ መጥረግ አለበት። ንፍጥ የመሰለ ነገር ያመነጫል፣ በማይታዩ ፀጉሮቹ ያንን ንፍጥ ከነአቧራው ወደ ጎን ይገፋዋል። አንድ ቀን ቢሆን ይችለዋል። ሳምንትም ሊችል ይችላል። ቁፋሮው ወራት ከፈጀ ግን ሲጠርግ ሲጠርግ ይደክመዋል። ግዙፎቹ የኮራል ዓይነቶች በዓመት የሚያድጉት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሰው ቁመት የሚያህል ኮራል ስታዩ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ አካል እያያችሁ ነው። ማሪና ለመቆፈር ስንት ወር ይበቃል?

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ፣ ዕድሜ ለሥራ ጉዞ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽር አጥልቄ ሪፍ ላይ ተንሳፈፍኩ። ዋና እንኳ በቅጡ አልችልም። የጀልባው ልጅ ወገቤን ይዞ «አንገትዎን አይግተሩ፣ ዝም ብለው ይተንፍሱ» እያለ ነው ያስገባኝ። ስለ ቀለሙ ሁሉም ሰው ስለሚያወራ እኔ አላወራም። እኔን ያስደነገጠኝ ድምፁ ነው። ባህር ውስጥ ጸጥታ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ይንጣጣል! መጥበሻ ላይ ዘይት ሲፈላ የሚያሰማው ዓይነት፣ ማቋረጫ የሌለው ጠጥ ጠጥ። ጣታቸውን የሚያጮሁ ትንንሽ ሽሪምፖች ናቸው አለኝ ልጁ በኋላ። ከዚያ መሐል ደግሞ ቆረጥ፣ ቆረጥ የሚል። ዞር ስል ፓሮትፊሽ የሚሉት አንድ አረንጓዴ ዓሣ ድንጋዩን በጥርሱ እየገመጠ ነው። ገምጦ ሄደ፣ ጥቂት ዋኝቶ ከኋላው ነጭ ደመና ለቀቀ።

አሸዋ ነው።

ዓሣው ኮራሉን ከነአልጌው ይቆረጥመዋል፣ የሚበላውን በልቶ ድንጋዩን ፈጭቶ ያወጣዋል። አንድ ትልቅ ፓሮትፊሽ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ አሸዋ ያወጣል። ብሮሹር ላይ ስንት ጊዜ ነጭ አሸዋ ስያለሁ። «ነጭ አሸዋ 03» የሚል ማቴሪያል አለኝ። ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሰው ፎጣውን ዘርግቶ የሚተኛበት ያ ነጭ ነገር ሪፍ ባለበት በብዛት ዓሣ ሲያወጣው የኖረ ነው፤ እኛ ዓሣውን የሚያባርር ማሪና ጎኑ እንሠራና ከጥቂት ዓመት በኋላ አሸዋው ሲያልቅ በመርከብ እናስመጣለን።

ወደ ካቦ ፑልሞ ልመለስ። መንደርተኛው፣ ሳይንቲስቶቹና የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅቶቹ ተባብረው ተሟገቱ። ፀረ ልማት ተባሉ፤ ይህች ስም የትም አገር ብትሄድ ቀድማ ትጠብቅሃለች። በሰኔ 2012 ፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን ፕሮጀክቱ መሰረዙን አወጁ። ቀኑ ገራሚ ነው። የቡድን 20 መሪዎች እዚያው ሎስ ካቦስ ሊሰበሰቡ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው። ዓለም ሁሉ ካሜራውን ይዞ ደጃፍህ ሲመጣ የጓሮህ ነገር ያሳስብሃል መሰል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ተሰረዘ። እልል ተባለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እዚያው አካባቢ ካቦ ዶራዶ የሚባል ሌላ ዕቅድ መጣ። እንደገና ጩኸት፣ እንደገና ፊርማ፤ በ2014 እሱም ተነሳ። መንደሩ ውስጥ ደግሞ ዓሣውን ሲጠብቅ የዋለው ሰው ማታ ማታ የሕግ ሰነድ እያነበበ ነው የሚያመሸው።

የጥናቱም ነገር አለ። በአብዛኛው ዓለም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን የሚያስጠናው፣ ለአጥኚውም የሚከፍለው አልሚው ራሱ ነው። አጥኚዎቹ ሁሉ ይዋሻሉ እያልኩ አይደለም። ግን እኔም የሚከፍለኝ አልሚው ነበር፣ መስመሯን ለመደበቅ የፈጀብኝን ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። ደግሞ ጥናቱ ብዙ ጊዜ የሚያየው አንዱን ፕሮጀክት ነጥሎ ነው። አንዱ ማሪና ብቻውን ሲታይ ጉዳቱ «መጠነኛ» ይባላል። ሁለተኛውም መጠነኛ። አሥረኛውም መጠነኛ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ።

ከካቦ ፑልሞ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የሻርኮቹ ታሪክ ነው። ባሃማስ ውስጥ ቢሚኒ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ሳሙኤል ግሩበር የሚባል ተመራማሪ በ1990 የሻርክ ጣቢያ አቋቁሞባታል። በደሴቷ ማንግሮቭ (ሥሩን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሰዶ የሚቆም የባህር ዳር ዛፍ) ሥር፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ፣ ሌመን ሻርክ የሚባሉት ዓይነቶች ግልገሎቻቸውን ይወልዳሉ። ግልገሎቹ የመጀመሪያ ዓመታታቸውን ከሥሮቹ መሐል ተሸሽገው ነው የሚያልፉት። ያ አካባቢ ጥብቅ የባህር ክልል ይሁን እየተባለ ሲነገርለት ነበር። ሳይሆን በፊት ለትልቅ ሪዞርት ቁፋሮ ተጀመረ። በ2001 ከተካሄደው ትልቅ ቁፋሮ በኋላ ተመራማሪዎቹ ሲቆጥሩ በሕይወት የሚተርፉት ግልገሎች ቀንሰዋል፣ የባህር ሣሩም ቀንሷል።

እስከዚህ ድረስ የተለመደ ወሬ ነው። ቀጥሎ ያለው ነው ያስቆመኝ። ከ1993 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ቢሚኒ ላይ ተወልደው ዘረመላቸው የተመዘገበ እንስት ሻርኮች ነበሩ። አድገው ሄዱ። ከ14 እስከ 17 ዓመት ቆይተው ቢያንስ ስድስቱ ለመውለድ ተመልሰው መጡ። እዚያው፣ ወደተወለዱበት። ባህሩ እንደዚያ ሰፊ ሆኖ ሳለ። የተወለዱት ከትልቁ ቁፋሮ በፊት ነው፣ የመጡት ከቁፋሮው በኋላ ነው። ፕላኑ ላይ ይህ የት ይሳላል? በምን ቀለም? ዛሬ አንድ ማንግሮቭ ስትነቅል ያፈረስከው አሁን ውቅያኖስ መሐል የምትዋኝ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የምትመጣ ሻርክን ቤት ነው። የሚቃወሙትን ሰዎች «እስቲ ጉዳቱን አሳዩን» ሲሏቸው የሚያሳዩት የሚጠፋቸው ለዚህ ይመስለኛል። ጉዳቱ ገና መንገድ ላይ ነው።

መስመር ደግሞ መደበቅ ብቻ ሳይሆን ይነሳልም። ባሊ ላይ ቤኖአ የምትባል የባህር ወሽመጥ ነበረች፣ የጥበቃ ክልል። እስከ 700 ሄክታር ባህር ደልድሎ ሰው ሠራሽ ደሴቶች፣ በላያቸውም ሆቴልና መዝናኛ የመሥራት ሐሳብ መጣ። ችግሩ የጥበቃ ክልል መሆኗ ነው። መፍትሔው? በ2014 የኢንዶኔዢያው ፕሬዚዳንት ሥልጣናቸውን ከማስረከባቸው ጥቂት ወራት በፊት ደንቡን አሻሻሉት፤ በቃ፣ የጥበቃ ክልልነቷ ቀረ። ውሃው ያው ውሃ፣ ማንግሮቩ ያው ማንግሮቭ። እኔ በክሊክ ያደረግሁትን እሳቸው በብዕር አደረጉት። የባሊ ሰው ግን ሙዚቀኛው፣ ተማሪው፣ የባህላዊ መንደሮቹ ሽማግሌ ሳይቀር ዓመታት ሙሉ ሰልፍ ወጣ። ባህሩ ለእነሱ የተቀደሰ ቦታም ነው። የአካባቢ ግምገማው ሳያልፍ ቀርቶ በነሐሴ 2018 የአልሚው ፈቃድ ጊዜው አለፈበት፤ በ2019 ሚኒስትሯ ወሽመጧን የባህር ጥበቃ ቀጣና ብለው መለሷት።

ካሪቢያን ባህር ውስጥ ባለችው ባርቡዳ ደሴት ላይ ደግሞ ነዋሪው ራሱ ከመሬቱ ላይ አልነበረም። በመስከረም 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቷን አወደማት፤ ወደ 1,800 የሚጠጋው ነዋሪ በሙሉ ወደ ጎረቤት ደሴቷ አንቲጓ ተወሰደ። ባርቡዳ ላይ መሬት በግል አይሸጥም ነበር፤ ከባርነት ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የጋራ ነው፣ በ2007 በሕግ ጸንቷል። ሰው ገና መጠለያ ውስጥ ሳለ ሕጉን መለወጥ ተጀመረ፣ ለአዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ጫካ መመንጠር ተጀመረ። ቪላና ጎልፍ ሜዳ ያለው ፕሮጀክትም መጣ፤ የሚያርፈው ደግሞ የኮድሪንግተን ሐይቀ ባህር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፣ በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው ረግረግ፣ የፍሪጌት ወፎች መራቢያ። ስለ ማረፊያው የከሰሱ ሁለት ነዋሪዎች «መጀመሪያ የመክሰስ መብት አላችሁ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ይዘው እስከ ለንደኑ ፕሪቪ ካውንስል፣ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ድረስ ሄዱ። በ2024 መብት አላችሁ ተባሉ። ልብ በሉ፣ አሸነፉ አይደለም፤ መክሰስ ትችላላችሁ ነው የተባሉት። ጫካው ከተመነጠረ ስድስት ዓመት አልፎታል። እንዲህ ሲሆን የሚባለው ተረት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ እዚህ ግን ውሻው ገና ጅቡ ሳይመጣ ጀምሮ ሲጮህ ነበር፣ የሰማው ነው የጠፋው።

አሁን «ታዲያ ሥራ አጡ ወጣቱ ምን ይብላ?» የሚለኝ አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ በፌዝ አላልፈውም። ከእርሻም ከዓሣም ምንም የማያገኝ የሃያ ዓመት ልጅ ሪዞርት ሲመጣ ዩኒፎርም ለብሶ ደመወዝ ይቀበላል። እሱን «ለኮራል ስትል ተራብ» የሚል ሰው ራሱ በልቶ የጠገበ ነው። እኔን ጨምሮ። ግን ካቦ ፑልሞም በቱሪስት ነው የሚኖረው። እንግዳ አይምጣ አላሉም። ያሉት 30,000 ክፍል አይምጣ ነው።

አልጋ ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ ለማየት ደግሞ ዛንዚባር አጠገብ ያለችውን ቹምቤን ማየት ይበቃል። ደሴቷና ሪፏ ከ1994 ጀምሮ ጥብቅ ናቸው። ያሏት 7 ጎጆዎች ናቸው። ውሃው ከጣራ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ነው፣ መጸዳጃው ቆሻሻውን ወደ ብስባሽ የሚለውጥ እንጂ ወደ ባህር የሚለቅ አይደለም፤ ማታ የሚሄድበት ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ነው። ሪፉን የሚጠብቁት ድሮ ዓሣ ያሰግሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የጥበቃውን ወጪ እንግዳው ይሸፍነዋል። ሰባት ጎጆ! እኔ ያንን ሪዞርት ስስል ለመዋኛ ገንዳው ባር ብቻ ሰባት ቀን ሠርቻለሁ።

ካልታገደስ? የአውስትራሊያው ፖርት ሂንቺንብሩክ አለላችሁ። ኩዊንስላንድ፣ የዓለም ቅርስ ከሆነው የግሬት ባሪየር ሪፍ ጠርዝ ላይ። በ1994 ማንግሮቩ ተመነጠረ፣ ተቃዋሚዎች ጮኹ፣ ተከራከሩ፣ ተሸነፉ። ማሪናው ተሠራ። በየካቲት 2011 ያሲ የተባለው አውሎ ነፋስ መጥቶ ጀልባዎቹን እንደ ማገዶ አንዱን ባንዱ ላይ ከመራቸው። ኩባንያው ቆይቶ ከሰረ፣ የጀልባው መግቢያ ቦይ በደለል ተሞላ። ማንግሮቭ እኮ ማዕበል የሚሰብር አጥር ነው። አጥሩን ነቅለው ነው ጀልባውን ያሰሩት።

ባለፈው ሰሞን ቤት ሳጸዳ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ተገኘ። ሰካሁት። የዚያ ሪዞርት ፋይል አለ፣ መጨረሻው ላይ «የመጨረሻ» ከዚያ «የመጨረሻ 2» ከዚያ «የእውነት የመጨረሻ» የሚል። ከፈትኩት። የድሮ ፋይል ስትከፍት ሶፍትዌሩ የጠፉትን ነገሮች ዝርዝር ያወጣልሃል፤ ረጅም ነበር። ሰማዩ ጠፍቷል። ነጭ የለበሰችዋ ሴትዮ የለችም። የሚሮጠው ልጅ የለም። የቀረው ግራጫ ግድግዳና ያ ጠፍጣፋ ወለል ነው።

የሌየሮቹን ዝርዝር አወረድኩ። እዚያው ነች፣ ከሥር፣ ዓይኗ እንደተዘጋ። ከፈትኳት። ቀይዋ መስመር ከማሪናው አፍ ወዲያ ታልፋለች፣ ደንበኛው እንዳለው እነሱ ከወሰኑ ውጭ ናቸው። ከዚያ ወደ ግራ ትታጠፍና በእንጨት ምሰሶ የቆሙት ጎጆዎች ጋር ትደርሳለች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከመስመሯ ማዶ ናቸው።

የአርክቴክቱን ፕላን ከሥር አነጠፍኩበት። ፕላኑ ላይ ከመስመሯ ወዲህ ነበሩ።

ለካሁት። 14 ሜትር።